ግንቡ ለምን አይወጣም? የካርድ ሥራ ማስታወሻ ከኮዬ ፈጬ

ጥቅምት 2፣ እሑድ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የላፕቶፑ ባትሪም አልቋል። ስለዚህ «አንድ ቀን እሠራዋለሁ» እያልኩ ለወራት ያሳደርኩትን ነገር ዛሬ ጀመርኩ። የራሴን የታሮት ካርድ፣ ብዙዎች ዕጣ ፈንታ የሚያነቡበትን ባለ ሥዕል ካርድ፣ በእጄ ልሠራ ነው።

ምክንያቱን ሳልረሳው ልጻፈው። አብሮኝ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ልጅ ሥራውን ለቆ ከቤቴ ብዙ በማይርቀው ቱሉ ዲምቱ ላይ ትንሽ የሕትመት ሱቅ ሊከፍት ነው። ቢዝነስ ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ ፎቶ ኮፒ። «ዲዛይኑን አንቺ፣ ደንበኛውን እኔ» ይለኛል። እስከ ታኅሣሥ ቁርጡን ንገሪኝ ብሏል። እኔ ደግሞ ወስኚ ስባል ጭንቅላቴ ውስጥ ስብሰባ ይጠራል። ሁሉም ይናገራል፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ግን የለም። ካርዱን የፈለግኩት ለቃለ ጉባኤው ነው። በቀን አንድ ካርድ አወጣለሁ፣ ሥዕሉን አያለሁ፣ የመጣልኝን አሥር መስመር እጽፋለሁ። በቃ።

«ወደፊት ምን ይገጥመኛል?» ብዬ ልጠይቀው አይደለም። ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ፣ ሥዕሉን የምሥለው እኔ። እኔ የማላውቀውን ከየት ያመጣል?

ሙሉው ጥቅል 78 ካርድ ነው። 22ቱ ትልልቆቹ ናቸው፤ ስምና ሥዕል አላቸው። 56ቱ ትንንሾቹ በአራት ወገን ይከፈላሉ፦ ዱላ፣ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲም። እኔ ለጊዜው 22ቱን ብቻ። ወረቀቱ ከማተሚያ ቤቱ ቁራጭ የለቀምኩት ባለ 300 ግራም ነው፤ አንድ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ሻካራ ነው። ሥዕሉ በሻካራው በኩል ይሆናል። ልኩ 7 በ12 ሳንቲ ሜትር።

ጥቅምት 5

ሥዕሉ ሳይጀመር ስሙ አስቸገረኝ። ስሞቹ አውሮፓ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በቀጥታ ወደ አማርኛ ስታመጧቸው አንዳንዱ ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል።

12ኛው ካርድ ላይ አንድ ሰው በአንድ እግሩ ታስሮ ዘቅዝቆ ይታያል። «የተሰቀለው» ብዬ ጻፍኩና ወዲያው ሰረዝኩት። እኛ ጋ «የተሰቀለው» ሲባል ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። «ቁልቁል የተንጠለጠለው» አልኩት። ረዘመ፣ ግን ከእናቴ ጋር አያጣላኝም።

2ኛዋን በድሮ ካርዶች «ሴት ጳጳስ» ይሏት ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ያለች ሴት የለችም። እማሆይ ግን አለች። መጽሐፍ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አውቃ ዝም ያለች። «እማሆይ» ሆነች፣ ከመጀመሪያው ስሟ ይሄኛው ይስማማታል። 9ኛው ባሕታዊ ምንም አላስቸገረኝም። ፋኖስ ይዞ ብቻውን የቆመ ሽማግሌ ነው። እንጦጦ ወስዳችሁ ብታቆሙት ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

1ኛው ነበር ከባዱ። «አስማተኛ» ብለው ነገሩ ወዲያው ወደ መድኃኒትና ድግምት ይሄዳል። የጥንቶቹ ሥዕሎች ላይ ግን ሰውዬው መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ እጁን እያፈጠነ ተመልካች የሚያጃጅል ነው። እሱንማ እናውቀዋለን። ስሙን «ቀይዋን ያየ» አልኩት።

ዜሮ ቁጥሩ «ሞኙ» ሆነ። «ጅሉ» ልለው ነበር። ጅል ይሰደባል፣ ሞኝ ግን ይታዘንለታል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

አሥር ካርድ በአንድ ቀን። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በጥቁር እስክሪብቶ። ቀለም የለም፣ ከአንድ ቀይ ማርከር በቀር።

14ኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። ዋናው ሥዕል ላይ አንድ መልአክ ውሃ ከአንድ ዋንጫ ወደ ሌላ ዋንጫ ይገለብጣል። ስሙ «ልክን ማወቅ» ነው። እኔ ሳስበው የሚመጣልኝ መልአክ ሳይሆን የራሴ ወገብ ነው። ውሃ እዚህ በፈረቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ከቧንቧው ወደ ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ ወደ ባለ 5 ሊትሩ፣ ከባለ 5 ሊትሩ ወደ ጀበናው። እያንዳንዱ ሲገለበጥ እጅ ካልረጋ ወለሉ ይጠጣዋል። ስለዚህ ሴትዮዋን በሌሊት ልብስ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስሬ፣ ጀሪካኑን በጉልበቷ ደግፋ ሣልኳት። ክንፍ አልሰጠኋትም። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ክንፍ ቢኖረው ደረጃ አይወጣም ነበር።

7ኛው ሠረገላ ባጃጅ ሆነ። 15ኛውን፣ ሰይጣኑን፣ ልዝለለው ብዬ ነበር። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትዝ አለኝ። በእኛ የአሣሣል ወግ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያሉ፤ ክፉው ግን በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እኔም በጎኑ፣ ባንድ ዓይን ሣልኩት። አሁን እሱ እኔን ማየት አይችልም፣ እኔ ግን አየዋለሁ።

13ኛው ሞት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው በሚያውቀው፣ ለንደን በታተመው ሥዕል ላይ አፅም ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። እኔ የሣልኩት የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ልጅ ሆኜ ንጋት ላይ ድምፁን ስሰማ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ እስብ ነበር። እዚህ ኮንዶሚኒየም ዕድሩ የሚለፍፈው በቴሌግራም ነው። ጥሩምባውን የሰማሁት መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ችግሩ፣ 20ኛው «ፍርድ» ላይም ጥሩምባ የሚነፋ መልአክ አለ። በአንድ ጥቅል ሁለት ጥሩምባ ሆነ። ተውኩት። አንዱ ለቀብር ይጠራል፣ አንዱ ከመቃብር።

ጥቅምት 11

ማተሚያ ቤት አንድ ልጅ ካርዶቹን አይቶ «ይሄማ የግብፅ ጥንቆላ ነው» አለኝ። ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ በምሳ ሰዓት አስረዳሁት፤ ሽሮዬ ቀዘቀዘ።

ታሮት የተወለደው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ነው። የተሠራው ለጨዋታ ነው። የሚላን መሳፍንት፣ ቪስኮንቲዎቹና ስፎርዛዎቹ፣ በወርቅ ቅብ ያሣሉት ዛሬም በከፊል አለ። ከ300 ዓመት በላይ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እየተጫወቱበት ነው የኖሩት። የግብፁን ነገር ያመጣው ኩር ደ ጄብላን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1781። ካርዱ የጥንት የግብፅ ካህናት የጥበብ መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የግብፅን የሥዕል ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ሻምፖልዮን ምስጢሩን የፈታው በ1822 ነው። ሰውዬው የማይነበብ ጽሑፍ ውስጥ የፈለገውን አነበበ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ኤቴያ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ዕጣ ፈንታ ማንበቢያ አድርጎ እንጀራ በላበት።

ልጁ «እና ቁማር ነበር በይኛ!» አለ። እናቴ ይሄንን ብትሰማ የቱ እንደሚብስባት አላውቅም።

ለእኔ ደስ የሚለኝ ሌላው ታሪክ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሥዕል የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት፤ ለንደን፣ 1909። ሥራውን ያዘዛት አርተር ኤድዋርድ ዌት ነው፣ ያሳተመው ራይደር የተባለ አሳታሚ። ከእሷ በፊት ትንንሾቹ 56 ካርዶች በአብዛኛው እንደ ተራ መጫወቻ ካርታ ቁጥር ብቻ ነበሩ፤ አምስት ዋንጫ ከሆነ አምስት ዋንጫ ተደርድሮ፣ አለቀ። እሷ ለእያንዳንዱ ሰውና ታሪክ ሰጠችው። የተከፈላት ትንሽ ገንዘብ ነው። ጥቅሉም ለብዙ ዘመን የተጠራው በአሳታሚውና በዌት ስም ነው። ብልህ ነበረችና ግን በየካርዱ ጥግ የስሟን ፊደሎች አጠላልፋ ሣለች። ዲዛይን ሠርቶ ስሙ የማይጻፍለት ሰው ይሄ ይገባዋል። እኔም ማታ ቤት ስገባ በየካርዱ ጥግ የስሜን መጀመሪያ ፊደል አስቀመጥኩ። ሽንብራ ታክላለች።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ቆረጣ። በመቀስ። ማተሚያ ቤት መቁረጫ ማሽን እያለ ምን አስቸኮለኝ? ዛሬ ማለቅ አለበት ብዬ ነው። የካርዶቹን ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ክብ አደረግኩ። በጣም ይሠራል፣ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት።

አንድ ብቻ ተበላሸ፦ 16ኛው፣ ግንቡ። ዋናው ሥዕል ላይ መብረቅ የመታው ግንብ ጫፉ ይወድቃል፣ ሁለት ሰዎችም ከላይ ይወረወራሉ። እኔ ከመስኮቴ የማየውን በባሕር ዛፍ እንጨት የታጠረ ያላለቀ ሕንፃ ነበር የሣልኩት። ሻይ ፈሰሰበት። እንደገና ሣልኩት፣ ግን መሽቶ ነበር፣ መብራትም ሄደ። በሻማ ቆረጥኩት። ደህና ነው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ቀን። ሕጎቼ ሦስት ናቸው። ማታ ከራት በኋላ፣ አንድ ካርድ። ጥያቄው «ይሆናል ወይ?» አይደለም፣ «ምን ይታይሻል?» ነው። ጽሑፉ ከአሥር መስመር አይበልጥም፣ ሲመሽ ማብራራት ሱስ ይሆናል።

የወጣው ባጃጁ ነው። የጻፍኩት፦ «ባጃጅ ከማንም በፊት በጠባብ ቦታ ይገባል። ግን ትልቁ መንገድ ላይ ያስቆሙታል። ዛሬ የሃይገር ሰልፍ 50 ደቂቃ። ፊቴ የቆመችው ሴትዮ ጎመን ይዛ ነበር።» ጎመኑ ለምን እንደገባ አላውቅም። አልሰረዝኩትም።

ጥቅምት 24

ኑዛዜ። ዛሬ ቁልቁል የተንጠለጠለው ወጣ። ደክሞኝ ነበር፣ ሱቁን በደስታ እንዳስበው ፈልጌ ነበር። «ይሄ አይቆጠርም፣ በደንብ አልተቀላቀለም» አልኩና መልሼ ቀላቀልኩ። ባሕታዊ። «ይሄም አይቆጠርም»። ጥሩምባ ነፊው። ኧረ በስመ አብ! አራተኛው ላይ ፀሐይ ወጣች። ፀሐይ ስትወጣ ደስ ብሎኝ ማስታወሻውን ከፈትኩ። የምጽፈው ጠፋ። ደግሞ ምን ይጻፋል? አስገድጄ ያወጣሁት ነው። አማላጅ ልኬ ያስመጣሁት ይቅርታ ይመስላል።

አራተኛ ሕግ፦ የወጣው ወጣ። ድጋሚ የለም። ደግሜ ከቀላቀልኩ የምጽፈው ስለ ካርዱ ሳይሆን ለምን እንደደገምኩ ይሆናል።

ዛሬ የጻፍኩት ያንን ነው። ከስድስቱም ቀን የተሻለ ገጽ እሱ ሆነ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ ቡና ጠሩኝ። እትዬ ነው የምላቸው፣ እዚህም እትዬ ይሁኑ። ሲኒ በማየት ብሎኩ ሁሉ ያውቃቸዋል። «ማታ ማታ ካርድ አወጣለሁ» ስላቸው የስልክ መስሏቸው «የስንት ብር?» አሉኝ።

ካስረዳኋቸው በኋላ ሳቁ። «ታዲያ ለራስሽ ምን ብለሽ ታነቢዋለሽ? ጸጉሩን ራሱ የሚቆርጥ አለ?»

«እስቲ እርስዎ የኔን ይዩልኝ» አልኳቸው። ሲኒውን ደፉት፣ አተላው እስኪረጋ ጠበቁ፣ ወደ መስኮቱ አዘነበሉት።

«መንገድ አለሽ። ረጅም ነው። አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ደግሞ ላይ ላዩን ትስቅልሻለች፣ ልቧ ግን ሌላ ነው። አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ሰው ግን አይገባውም።»

ወዲያው ሦስት ቀጫጭን ሴቶች አሰብኩ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ምንም ያደረገችኝ ነገር የለም። መንገዱን በተመለከተ፣ ኮዬ ፈጬ እየኖረ መንገድ የሌለው ማን አለ?

ይሄ ነገር ጥናት አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መመዘኛ ሰጣቸው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው «የአንተ ውጤት ነው» ብሎ ወረቀት አደለ። ከ5 ምን ያህል ይገልጽሃል ሲላቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የለቃቀመው ነው። «ጠንካራ ነሽ፣ ሰው ግን አይገባውም» ሲባል እምቢ የሚል ሰው እኔ አላየሁም።

እና የኔስ ካርድ ከዚህ በምን ይሻላል? ቡናውን እየጠጣሁ ያሰብኩት ይሄንን ነው። ምናልባት በአንድ ነገር። እትዬ ሲነግሩኝ የምሰማው እንዲጥመኝ ሆኖ ነው፤ እንግዳ ነኝና። ሲኒው ታጥቦ ይመለሳል፣ የተባለው ይረሳል። እኔ ግን ጽፌ አስቀምጣለሁ። የተጻፈ ነገር ከሳምንት በኋላ ሲነበብ ማጣፈጫው ይረግፋል። ካርዱ ማስጀመሪያ ነው፣ ሥራው ደብተሩ ላይ ነው።

ለእትዬ ይሄንን አልነገርኳቸውም። ቶናውን ጠጥቼ፣ በረካውን ጠብቄ ወጣሁ።

ኅዳር 4

በአሥር ካርድ የሚዘረጋውን፣ ዌት ያስፋፋውን የመስቀል አዘረጋግ ሞከርኩ። ጠረጴዛው አልበቃም። ለአሥር ካርድ አሥር ሰበብ አገኘሁ። ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ተገናኘ። ሁለተኛ አልሞክረውም።

ኅዳር 10

ደብተሩን ቆጠርኩ። ከጥቅምት 18 ወዲህ አንድ ቀን ዘልያለሁ፣ 21 ጊዜ አውጥቻለሁ። እማሆይ አራት ጊዜ ወጥታለች። ግንቡ አንድም ቀን።

መጀመሪያ ተመስገን አልኩ። ከዚያ የሂሳብ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ከ22 ካርድ አንዱ በ21 ቀን ውስጥ አንዴም ያለመውጣት ዕድሉ 38 በመቶ ገደማ ነው። ማለትም ከ22ቱ ስምንት ያህሉ ገና አለመታየታቸው የሚጠበቅ ነው። የኔ ያልወጡት ዘጠኝ ናቸው። ስለዚህ ምንም ተአምር የለም።

ግን ጣቴ ጠረጠረ። ዓይኔን ጨፍኜ 22ቱን አልጋው ላይ በጀርባቸው በተንኩና ግንቡን በእጄ ፈለግኩ። አገኘሁት። ደገምኩ። አገኘሁት። አምስት ጊዜ ሞክሬ አምስቱንም። በማስመሪያ ለካሁት፤ በወርዱ አንድ ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በሻማ የተቆረጠው ነዋ! አንዱ ጫፉ ደግሞ ጥፍር መቁረጫው አልደረሰበትም፣ ሹል ነው። ስቀላቅል አውራ ጣቴ ሹሉን ሲነካ ያልፈዋል። በየማታው። እኔ ሳላውቅ።

ወይም እያወቅኩ። እሱን መለየት አልችልም።

ዛሬ በዕጣ አላወጣሁም። ግንቡን ራሴ አንስቼ ፊቴ አስቀመጥኩት። የጻፍኩት፦ «ሕንፃው የኔ ነው። 20/80 የደረሰኝ ቤት፣ 80ው የባንክ። ደመወዝ ከቀረ ክፍያው አይቀርም። ያጠራቀምኩት ለስንት ወር ይበቃል?» ካልኩሌተር አነሳሁ። ለአራት ወር። አንድ ወር ሙሉ ስለ ሱቁ ስጽፍ ይሄንን ቁጥር አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ካልኩሌተሩ ስልኬ ላይ ነበር እኮ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል። እናቴ ትናንት ማታ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። ኅዳር ሲታጠን ነውና የግቢው ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ቆሻሻ ሰብስበው እያጨሱ ነው። መስኮት ብንዘጋም ጭሱ በበሩ ሥር ይገባል። እናቴ የአያቷን ወሬ ነገረችኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1911 የኅዳር በሽታ ጊዜ፣ ያ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር።

ስኳር ፍለጋ ስትገባ ካርዶቹን ያስቀመጥኩበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተች። ከላይ የነበረው ጥሩምባ ነፊው ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሥዕል ነው እማዬ። እኔ ነኝ የሣልኩት።»

«ጥሩምባው ለማን ነው?»

«ለማንም አይደለም።»

«ለማንም ያልሆነ ጥሩምባ የለም።»

አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ሰይጣኑን ስታይ አማተበች፤ ግን ባንድ ዓይን መሆኑን አስተዋለች፣ «እሱስ ደግ አድርገሻል» አለች። ባለ ጀሪካኗ ጋ ስትደርስ ሳቀች። «ይቺማ አንቺ ነሽ። ሻሹም ያንቺው ነው።» ከዚያ ሳቋን አቆመችና ዘዳግም ላይ ሟርትና ጥንቆላ መከልከሉን ነገረችኝ። አውቀዋለሁ አልኳት። የወደፊቱን እንደማልጠይቅበት ነገርኳት፣ ደብተሩንም አሳየኋት። አላነበበችውም። «የነፍስ አባትሽን ጠይቂያቸው» ብላ ቆርቆሮውን ዘጋችው።

አልጠየቅኳቸውም እስካሁን። የሚሉትን ፈርቼ ነው። በዚህ ላይ እናቴ ልክ ልትሆን ትችላለች፤ ልምድ ከምን ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ሰው ሲጀምር አያውቀውም። ጥቅምት 24ን አልረሳሁትም፤ አራቴ ስቀላቅል የነበርኩት እኔ፣ መልስ ስፈልግ ነበር።

እሷ እስክትሄድ አላወጣም።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ካርዶቹን ወደ ሥራ ወሰድኳቸው። የቆረጣ ክፍሉን ጋሼ ለመንኳቸው። «አንድ ሚሊ ብቻ፣ ከአራቱም ጎን።» አንድ ላይ ሲደረደሩ አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞሉም። ማሽኑ አንዴ ተጫነ፣ ጩርር፣ አለቀ። አራት ጊዜ። ጋሼ አንዱን አንስተው አዩ፤ ባሕታዊው ነበር። «ይሄ ሰውዬ ፋኖሱን በቀን ለምን ያበራል?» ብለው መለሱልኝ።

ጫፎቹን እንደገና በጥፍር መቁረጫ። በዚህኛው ጊዜ በቀን ብርሃን። ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ፈተንኩት፣ ግንቡን አላገኘሁትም።

ጾም ገብቷል። ራት ምስር ወጥ።

ኅዳር 20

ጥቅምት 18 ከጀመርኩ ወዲህ 30 ገጽ ሆነ። ሁሉንም ባንዴ አነበብኩት። ሱቁን ስል ቀይ ማርከር፣ ሌላ የተደጋገመ ነገር ካለ በእርሳስ አሰምርበታለሁ ብዬ።

ቀዩ በስድስት ገጽ ላይ ነው ያለው። ስድስት! ለእሱ ብዬ የጀመርኩት ሥራ።

እርሳሱ 17 ገጽ ላይ ተሰመረ። ሰልፍ። ሃይገር። ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘግቶ። ቆሜ መጣሁ። ከሥራ ቦታዬ ከሜክሲኮ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ቤት ሁለት ሰዓት። ያቺ ባለ ጎመን። ካርዱ ምንም ይሁን ምን እጄ የሚጽፈው መንገዱን ነው። እቴጌዋ ወጥታ እንኳ «ተቀምጣለች፣ ታድላ» ብዬ ጽፌያለሁ።

እትዬ «መንገድ አለሽ፣ ረጅም ነው» ብለው ነበር። ስቄባቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ ሱቁ ቱሉ ዲምቱ ሳይሆን ሜክሲኮ ቢሆን ኖሮ እገባበት ነበር? ለመመለስ አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም። አልገባም። ሰዎቹን ማስተናገድ አልፈልግም፣ ባነር መሥራት ይሰለቸኛል፣ ዕዳ ያስፈራኛል። የፈለግኩት ከቤቴ በእግር የሚደረስ ወንበር ነው።

ኅዳር 23

ለልጁ ደወልኩለት። በሽርክና አልገባም፣ የዲዛይን ሥራ ግን በቁራጭ እሠራልሃለሁ፣ ማታ ማታ አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ካርዱ ነው እንዲህ ያለሽ?» አለኝ። ካልኩሌተሩ ነው አልኩት።

አለቃዬን ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ልሥራ ብዬ ጠየቅኳቸው። የምሠራው በላፕቶፕ ነው፣ ፋይሉን እልካለሁ። «እናያለን» አሉ። እናያለን ማለት እሺም ይሆናል፣ አይሆንምም ይሆናል፣ አታስታውሺኝም ይሆናል።

ኅዳር 27

ግንቡ ወጣ። በዕጣ፣ በራሱ ጊዜ፣ ሳልነካካው። ልቤ ትንሽ ዘለለች፣ ውሸት አልናገርም። የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው፦ «የሕንፃው እንጨት በግራ በኩል ተነስቷል፣ ሥዕሉ መታደስ አለበት። አለቃዬ ገና እያዩ ነው።»

ትንንሾቹን 56 ልጀምር ነው። ዋንጫዎቹ ሲኒ ይሆናሉ፣ ሌላ ምን ይሆናሉ? ማታ የመጀመሪያዋን በእርሳስ ሣልኩ። አጠገቧ ረከቦቱን፣ ከላይ ጭሱን። ጨርሼ ሳያት አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ሞዴሌ ስልኬ ላይ ያለው የለንደኑ ሥዕል ነበር፤ የዋንጫውን ቅርጽ ሳስተካክል እጄ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ለሲኒዋ ጆሮ አውጥቼላታለሁ። ወርጄ የእትዬን ሲኒ ተዋስኩ። ጆሮ የለውም። ላጲስ የት እንዳለ እየፈለግኩ ነው።